ራፕተርስ ተረፈ፣ ግሪዝሊስ ግን ከቫንኩቨር ተነቀለ፤ ጥፋቱ የማን ነው?

ሰሞኑን ኤንቢኤ (የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ) ሲያትልና ላስ ቬጋስ ላይ ቲም ሊጨምር ነው የሚለው ወሬ እንደገና ጦፏል። ሁለቱም ከተማ ላይ አበሻ ስለሚበዛ ከኛም ውስጥ ገና ያልተወለደ ቲም ማልያ ለመግዛት የተሰናዳ አይጠፋም። ደስ ይላል። ግን ሊጉ በ1995 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ካናዳ ላይ ሁለት ቲም ሲከፍት ምን እንዳደረጋቸው አስቀድሞ ማየት አይከፋም፣ ምክንያቱም ቶሮንቶ ራፕተርስና ቫንኩቨር ግሪዝሊስ ከመጀመሪያውኑ እንዲሸነፉ ተደርገው ነው የተሰሩት። እያጋነንኩ አይደለም፣ ሲገቡ የፈረሙበት ስምምነት ላይ ያለ ነገር ነው።

ቶሮንቶ ፈቃዱን ያገኘችው መስከረም 1993 መጨረሻ ላይ ነው፣ ጆን ቢቶቭ የሚባል ነጋዴ በሚመራው ቡድን በኩል። ቫንኩቨር በ1994 ተከተለች። እያንዳንዳቸው የመግቢያ 125 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ከፈሉ፣ በጊዜው ጉድ የተባለ ብር ነው። ያን ሁሉ ከፍለው ያገኙት ምንድነው? ነባሮቹ 27 ቲሞች እያንዳንዳቸው ስምንት ስምንት ተጫዋች "አይነካብንም" ብለው ካስቀመጡ በኋላ ከተረፈው መምረጥ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ለደሞዝ ማውጣት የሚችሉት ሌላው ቲም ከተፈቀደለት ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ነበር። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሦስተኛው ነው፦ እስከ 1999 ድራፍት (ቲሞች በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) ድረስ አንደኛ ምርጫ ማግኘት አይችሉም፣ የአንደኛነቱ ተራ በእጣ ነው የሚለየው፣ እጣው ቢወጣላቸው እንኳን አይሰጣቸውም።

እስኪ አስቡት፣ ድራፍት የሚባለው ነገር የመጣው እኮ ደካማው ቲም ጎበዝ ልጅ አግኝቶ እንዲነሳ ነው። ቫንኩቨር በመጀመሪያው ሲዝን 15 አሸንፎ 67 ተሸነፈ፣ በሁለተኛው 14 አሸንፎ 68 ተሸነፈ፣ ሁለቱንም ዓመት ከሊጉ መጨረሻ ማለት ነው። በ1996 አንደኛ የተመረጠው አለን አይቨርሰን ነው፣ በ1997 ደግሞ ቲም ደንከን። ከሁሉ የከፋው ቲም ሁለቱንም ዓመት እጣው ውስጥ ለስሙ ነበር፣ ለአንደኛው ግን በሩ ዝግ ነው። እጅና እግሩን አስረህ ወንዝ ውስጥ ከጣልከው በኋላ ለምን አልዋኘም ማለት ይሄ ነው።

ቶሮንቶ እንዴት ተረፈች ታዲያ? ብዙ ሰው ታሪኩን በኋላ ከመጣው ኮከብ ከቪንስ ካርተር ነው የሚጀምረው፣ ዛሬ ቶሮንቶ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ቁጭ ብሎ ስለ 2019ኙ ዋንጫ የሚያወራ ልጅ ከቪንስ በፊት ቲም መኖሩንም የሚጠራጠር ይመስላል፤ እኔ ግን ያን የመጀመሪያውን ቲም ነው የምወደው፣ ምስኪንነቱ ራሱ ደስ ይለኛል። ስሙ የወጣው ዳይኖሰር የዓለም ፋሽን በነበረበት ሰሞን ነው፣ ጁራሲክ ፓርክ 1993 ላይ ወጥቶ ልጅ አዋቂውን ሲያሳብድ፣ እነሱም ለሕዝብ ውድድር ከፍተው በ1994 ራፕተርስ አሉት። ማልያው ወይንጠጅ፣ ደረቱ ላይ ኳስ የሚያነጥር ቀይ ዳይኖሰር። ያኔ ሰው ሳቀበት፣ አሁን ያንኑ ማልያ በውድ ዋጋ ይፈልጉታል።

አይዛያ ቶማስ፣ ያ የዲትሮይት ፒስተንሱ ፖይንት ጋርድ (ጨዋታ አቀናባሪ)፣ ድርሻም ተሰጥቶት የቲሙ ኃላፊ ሆነ። ከነባሮቹ ትርፍ ላይ መጀመሪያ ያነሳው ቢ ጄ አርምስትሮንግን ነበር፣ ከጆርዳን ጋር ሦስት ዋንጫ የበላ ሰው። ሰውዬው ቶሮንቶ አልሄድም አለ፣ በቃ። ለጎልደን ስቴት በሌሎች ተጫዋቾች ለወጡት። ከዚያ የ1995ቱ ድራፍት እዚያው ቶሮንቶ ስካይዶም ውስጥ ተደረገና ሰባተኛው ምርጫ ሲደርስ ሕዝቡ የዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲውን ኮከብ ኤድ ኦባነንን እየጠበቀ ዴመን ስተደማየር ተጠራ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ ስምንት ገደማ የሆነ ልጅ፣ የራሱ ደጋፊ ጮኾ አወገዘው። በገዛ ቤቱ! ልጁ ግን በዓመቱ በአማካይ 19 ነጥብ ከ9 በላይ አሲስት (ለጓደኛ አቀብሎ ያስገባው ኳስ) ይዞ የሊጉ ምርጥ ጀማሪ ተባለ፣ ኦባነን ኤንቢኤ ውስጥ ሁለት ዓመት ብቻ ነው የቆየው። ፋን ሁልጊዜ ልክ ነው የሚሉ ሰዎች ይሄን ቢያስታውሱ ጥሩ ነው።

የሚጫወቱበት ስካይዶምም የቤዝቦል ስታዲየም ነበር፣ ትልቅ ዋሻ ውስጥ አንድ ጥግ ላይ የተነጠፈ ፓርኬ። ግን መጋቢት 24 ቀን 1996 እዚያ ዋሻ ውስጥ 36,131 ሰው ገብቶ በዚያ ዓመት 72 አሸንፎ 10 ብቻ የተሸነፈው ቺካጎ ቡልስ 109 ለ108 ሲረታ አየ። ስተደማየር 30 ነጥብ አገባ፣ የጆርዳን የመጨረሻ ኳስ ገብታ ነበር ግን ደወሉ ቀድሟት ተሻረች። ራፕተርስ ሲዝኑን 21 አሸንፎ 61 ተሸንፎ ነው የጨረሰው። ከ21ዱ አንዷ ያቺ ናት፣ ከቡልስ አስሩ ሽንፈትም አንዷ።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን ያሳፍራል። ባለቤቶቹ ቢቶቭና አለን ስሌይት እኩል ድርሻ ይዘው ተጣሉ፣ ስምምነታቸው ላይ አንዱ ዋጋ ይጠራል ሌላው ወይ ይገዛል ወይ ይሸጣል የሚል አንቀጽ ነበርና ስሌይት ጠርቶ ቲሙን ጠቀለለው። አይዛያ ራሱ ሊገዛ ሞክሮ አልሆነለትም፣ ኅዳር 1997 ላይ ጥሎ ወጣ። በተከታዩ የካቲት ስተደማየር ወደ ፖርትላንድ ተሸኘ፣ በምትኩ ከመጡት ውስጥ ኬኒ አንደርሰን እሱም እንደ አርምስትሮንግ ቶሮንቶን አልረግጥም ብሎ ቦስተን ሄደ። የዚያ ዓመት ውጤት 16 ማሸነፍ፣ 66 መሸነፍ። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ሁለቱን ቲሞች ጎን ለጎን ብታስቀምጡ የሚተርፈው ቶሮንቶ ነው የሚል አልነበረም፣ ቫንኩቨር እኮ ከመጀመሪያው ቀን አዲስ አዳራሽ ነበራት፣ ባለቤቶቹም የከተማውን የሆኪ ቲም የያዙት ሰዎች ነበሩ።

ቶሮንቶን ያዳኗት ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ውስጥ ነው የመጡት። አንደኛው የሜፕል ሊፍስ ሆኪ ባለቤቶች በ1998 ቲሙን ከነሚሰራው አዳራሽ ገዝተው ብር ያለው ቤት ውስጥ አስገቡት፣ በ1999 ኤር ካናዳ ሴንተር ተከፈተ። ሁለተኛው ቪንስ ነው። በ1998 ድራፍት ቶሮንቶ አራተኛ ላይ አንትዋን ጄሚሰንን መረጠች፣ ጎልደን ስቴት አምስተኛ ላይ ካርተርን፣ ከዚያ ተቀያየሩ። ጎልደን ስቴቶች ያን ልውውጥ እምቢ ብለው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለ ራፕተርስ የምናወራው እንደ ግሪዝሊስ በ"ነበር" ሳይሆን አይቀርም። በ2000 ኦክላንድ ላይ ያ የቪንስ የዳንክ (ዘሎ ኳስ ቀለበት ውስጥ የመክተት) ውድድር፣ በዚያው ዓመት የቲሙ የመጀመሪያው ፕሌይኦፍ (ከሲዝኑ በኋላ ያለው የዋንጫ ፉክክር)፣ ሌላውን ታውቁታላችሁ። ይሄን ሁሉ "የቶሮንቶ ብልጠት" ብሎ መተረክ ግን አይዋጥልኝም፣ ትልቁ ድርሻ የዕድል ነው።

ቫንኩቨር የራሷ ጥፋት የለባትም አልልም። የመጀመሪያ ምርጫቸው ለነበረው ብራያንት ሪቭስ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኮንትራት ሰጥተውት ሰውነቱም ጀርባውም ከዳው። በ1999 ስቲቭ ፍራንሲስን ሁለተኛ ላይ መርጠው ልጁ ገና ሲጠራ ፊቱን አጠቆረ፣ አልጫወትም ብሎ ሂውስተን ገባ። ገቢያቸው በካናዳ ዶላር፣ ደሞዙ በአሜሪካ ዶላር፣ በ2001 የካናዳው 65 ሳንቲም ገደማ ወርዶ ነበር። በስድስት ዓመት ከ23 በላይ ያሸነፉበት አንድም ሲዝን የለም። በ2000 ማይክል ሃይስሊ ገዛቸው፣ በዓመቱ ጠቅልሎ ሜምፊስ ወሰዳቸው። ያኔ የተባለው "ቫንኩቨር የቅርጫት ኳስ ከተማ አይደለችም" ነው። ቆይ፣ የትኛው ከተማ ነው በዓመት 14 እና 15 ጨዋታ እያሸነፈ አዳራሽ የሚሞላው?

አዲስ መጪ ትንሽ መቅመስ አለበት፣ ያለ ልፋት ዋንጫ የለም የሚሉ አሉ። ለነሱ የማሳያቸው እዚያው ላስ ቬጋስ ያለውን ነው። የሆኪው ሊግ በ2017 ጎልደን ናይትስን ሲያስገባ 500 ሚሊዮን ዶላር ተቀበለ፣ በምላሹም የተጫዋች ምርጫ ሕጉን ከድሮው አለዘበለት፣ ቲሙ በመጀመሪያ ዓመቱ ለዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ፣ በ2023 ደግሞ ወሰደው። ሊጉ ምን ጎደለበት? ምንም። ኤንቢኤ ግን በ2004 ሻርለት ቦብካትስን ሲያስገባ 300 ሚሊዮን ተቀብሎ ድራፍቱ ላይ አራተኛ ቦታ ቆርጦ ሰጠው፣ እጣ ውስጥም አላስገባውም፤ አልሸሹም ዞር አሉ ነው፣ ቲሙም 18 አሸንፎ 64 ተሸነፈ።

አሁን የሚወራው የመግቢያ ክፍያ በቢሊዮን የሚቆጠር ነው። ሲያትል ደግሞ የኤንቢኤ ቲሟን ሶኒክስን በ2008 ለኦክላሆማ ሲቲ የተነጠቀች ከተማ ናት፣ አንዴ የተቃጠለ ሕዝብ ነው። ስለዚህ እዚያ ያላችሁ ወገኖች ለሲዝን ቲኬት ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የቲሙን ቀለምና አርማ ትታችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በመጀመሪያው ዓመት ለደሞዝ የተፈቀደላቸው ከሌላው እኩል ነው ወይ፣ አንደኛው ምርጫ በእጣ ቢደርሳቸውስ ይሰጣቸዋል ወይ? መልሱ አይደለም ከሆነ ቀብዱን ሁለት ሦስት ዓመት አቆዩት፣ ወንበሩ የትም አይሄድም።