ይድረስ ለክቡር ኮረም

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። (ከተማዋን ኮረምን ማለቴ አይደለም። ወረቀት ላይ ምልዓተ ጉባኤ የሚባሉትን፣ እኛ ግን ሁልጊዜ «አልሞላም» ብለን የምናማዎትን ነው።)

ከጅማ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ የልማት ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። በነፃ። 13 አባላት ነን። ምንጭ የሚጎለብትበት የድጋፍ ገንዘብ መጥቶልን ባንክ ተቀምጧል። እንዲወጣ እኛ መወሰን አለብን። እንድንወስን እርስዎ መገኘት አለብዎት። እርስዎ ደግሞ 7 ሰው ካልተቀመጠ ዝር አይሉም።

ባለፈው ማክሰኞ 6 ሆነን በርጩማ ላይ ተቀመጥን። ሰባተኛውን ደወልኩለት። «መንገድ ላይ ነኝ፣ ደርሻለሁ» አለኝ። ከኋላው አውራ ዶሮ ይጮሃል። ዶሮውን አውቀዋለሁ፤ ጎረቤቴ ነው። አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተጠጣ፣ በረካው ላይ ዝናቡ ወረደና ተበተንን። የጅማ ሰው በቡና አይሰስትም። ግን እርስዎን ስንጠብቅ የጨረስነው ቡና ለኤክስፖርት ቢላክ ምንጩን ያሠራልን ነበር።

መዝገቡ ላይ «ኮረም ባለመሙላቱ ስብሰባው ለሚቀጥለው ማክሰኞ ተላልፏል» ብዬ ጻፍኩ። ወደኋላ ስገልጠው አራት ማክሰኞ ያቺው ዓረፍተ ነገር ናት። ቀኑን ብቻ ነው የምቀይረው።

ያው ጎረቤቴ እድር ላይ ግን ቀርቶ አያውቅም። ድንኳን ተካዩ እሱ ነው። ቅጣቱን ፈርቶ ነው ይላሉ። እኔ ቅጣቱ ብቻ አይመስለኝም። እድር የቀረ ሰው ነገ የራሱ ድንኳን ባዶ እንደሚሆን ያውቃል። ከምንጭ ስብሰባ ቢቀር ምን ይጎድልበታል? ጄሪካን ተሸክማ የምትወጣው ሚስቱ ናት።

አንዴ ግን መጥተው ነበር፣ አይዘነጉትም። እንግዳ ሊመጣ ነው፣ ውሎ አበልም አለ ተባለ። ሞልተው ፈሰሱ! 13 አባላት ይዘን 15 ሰው ፈረመ።

አውሮፓም ይታወቃሉ አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ሊደር የሚባል አሠራር አላቸው። የገጠር ልማት ድጋፉ ለየትኛው ሥራ ይዋል የሚለውን የአካባቢው ነጋዴ፣ ማኅበርና ሹም አንድ ላይ ተቀምጠው ይመርጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በጀመረው ዙር ደግሞ መንግሥትም ሆነ ሌላ ወገን ብቻውን ከ49 በመቶ በላይ ድምፅ እንዳይይዝ ደንብ አወጡ። እነሱ የመጣው ሰው እንዳይጫናቸው ይጠነቀቃሉ። እኛን የሚጫነን የቀረው ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ ውድቅ ያደርገናል።

«ቃለ ጉባኤውን ቤት ለቤት ይዘህ አስፈርም» ያሉኝ አልጠፉም። አንድ ሃጂ አባላችን «ታዲያ ምንጩንም ቤት ለቤት ልናዞረው ነው?» ብለው ዝም አሰኙን።

ሰኔ 30 እየደረሰ ነው። ያኔ በጀቱ ይዘጋል፣ ገንዘቡም ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ብቅ ይበሉ። ሲመጡ በጎረቤቴ በር በኩል ይለፉ። «መንገድ ላይ ነኝ» ቢልዎት አይመኑት። ዶሮው ከጮኸ ቤት አለ።

ናፋቂዎ፣
ጸሐፊው (ለጊዜው ቡና አፍይም)