ከሩቅ መምራትን ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር አንማርም

ባለፈው ዓመት አንድ የሥልጠና ጥሪ ደረሰኝ። ርዕሱ «በርቀት የሚሠሩ ቡድኖችን የመምራት ክህሎት» ይላል። ቦታው ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል፤ ሦስት ቀን፤ አበልና ትራንስፖርት የተሸፈነ። ሄድኩ። 40 የምንሆን ኃላፊዎች አንድ አዳራሽ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን ስለ ርቀት ተማርን። አሠልጣኙ የአመራር ዓይነቶችን በፓወርፖይንት ደረደረልን። «የመሪና የአለቃ ልዩነት ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀን፤ እኛም ከዚያ በፊት በሌላ ሥልጠና ላይ የመለስነውን መለስንለት። የሻይ ሰዓቱ ጥሩ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሰርተፊኬታችንን ይዘን ፎቶ ተነሣን። ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት፣ ሐዋሳ ያለችው ባልደረባዬ ዓርብ መላክ የነበረባትን ሥራ አልላከችም። ለምን እንዳልላከች እንዴት አድርጌ እንደምጠይቃት ግን በሦስቱም ቀን የነገረኝ ሰው የለም።

ዘንድሮም ጥሪው መጣ። ቦታው ያው፣ ርዕሱ ያው። አልሄድም ብያለሁ፤ ምክንያቴን እዚህ የምጽፈው ችግሩ የእኔ መሥሪያ ቤት ብቻ ስላልሆነ ነው። ሰውን ከሩቅ መምራት እንደ እንጀራ መጋገር ነው። ስለ ምጣዱ ሙቀትና ስለ ሊጡ ቅጥነት የፈለገውን ያህል ቢነግሩን፣ እጃችን የሚለምደው ምጣዱ ፊት ቆመን የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት አበላሽተን ነው። ይህኛውም የሚለመደው በራሱ በሥራው ላይ፣ እዚያው ርቀቱ ውስጥ ተሁኖ ነው።

የምመራው ቡድን 11 ሰው ነው። የአንድ የውጭ ደንበኛችንን ጥያቄዎች በጽሑፍ እንመልሳለን። አምስቱ አዲስ አበባ፣ ሌሎቹ ሐዋሳ፣ አዳማና ድሬዳዋ ናቸው፤ የደንበኛው ተወካይ ደግሞ ቨርጂኒያ ናት። ኃላፊነቱን ስረከብ ለ8 ዓመት በቢሮ ውስጥ የለመድኩትን አመራር ይዤ ገባሁ። እሱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቃለላል፦ «ያቺን ነገር ቶሎ ጨርሳት»። ኮሪደር ላይ ሲባል ይህ ትእዛዝ ምንም አይጎድለውም። ዓይኔ ወረቀቱን ያያል፣ ፊቴ የጉዳዩን ክብደት ይናገራል፣ ያልገባው ተከትሎኝ ይመጣል። በቴሌግራም ስልከው ግን «ያቺ ነገር» አዳማ አንድ፣ ድሬዳዋ ሌላ፣ ሐዋሳ ሦስተኛ ነገር ሆና አረፈች።

ስለዚህ ለሥልጠና አንድ ቀን ብቻ ቢሰጠኝ ሙሉውን በጽሑፍ ላይ አውለዋለሁ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እያልን ያደግን ሰዎች፣ በሥራ ላይ የምንጽፈው ደብዳቤ ግን «ጉዳዩ፦» ብሎ ጀምሮ ማን ምን እንደሚሠራ ሳይነግረን «ከሠላምታ ጋር» ብሎ የሚያልቅ ነው። ልምምዱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ኃላፊ ባለፈው ሳምንት በእውነት የላከውን አንድ መልእክት ይዞ ይምጣ። የእኔ ይህ ነበር፦ «የሰኔውን ሪፖርት ቶሎ አስተካክለህ ላክልኝ።» እንደገና ስጽፈው እንዲህ ሆነ፦ «የሰኔው ሪፖርት ሠንጠረዥ 2 ላይ ያለው ድምር ሠንጠረዥ 4 ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። የትኛው ልክ እንደሆነ ከሒሳብ ክፍል አጣርተህ የተስተካከለውን ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ላክልኝ። እስከ ማክሰኞ ማታ መልስ ካልሰጡህ ደውልልኝ፤ እኔ አነጋግራቸዋለሁ።» ሁለተኛው አራት ደቂቃ ፈጀብኝ። የመጀመሪያው ሁለት ቀን አስከፍሎኝ ነበር።

ሰዓትን ካነሣሁ፣ የውጭ አገር የሥልጠና ሰነድ ፈጽሞ የማያውቀው የእኛ ጣጣ አለ። «ነገ 3 ሰዓት ስብሰባ» ብዬ የጻፍኩላት አዲስ ሠራተኛ ጠዋት ሳትገባ ቀርታ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ብቻዋን መስመር ላይ ስትጠብቀን ነበር፤ ደንበኛው በፈረንጅ ሰዓት ስለሚጽፍልን የእኔንም እንደዚያው ቆጥራዋለች። በዚያ ላይ አሜሪካኖቹ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ያዞራሉ፣ እኛ አናዞርም። በበጋቸው ከቀኑ 10 ሰዓት የነበረው የጋራ ስብሰባችን ጥቅምት መጨረሻ ላይ 11 ሰዓት ይሆናል፤ ልጅ ከትምህርት ቤት የምታመጣ እናት የምትወጣበት ሰዓት መሆኑ ነው። ይህን አስቀድሞ አይቶ ስብሰባውን ማዛወር የኃላፊው ሥራ ነው። ከአሠልጣኞቻችን ማንም አንሥቶት አያውቅም።

ከጽሑፍ የሚከብደው ግን «እሺ»ን ማንበብ ነው። ቢሮ ውስጥ እሺ ፊት አለው። ደስ ያለው እሺ፣ የተከፋ እሺ፣ «አልገባኝም ግን አፈርኩ» የሚል እሺ፣ «አልሠራውም» የሚል እሺ ሳይቀር ከፊት ይነበባል። በስልክ ላይ የሚቀረው ሁለት ፊደል ነው። «ገባሽ?» ብሎ መጠየቅም አይጠቅምም፤ ይሉኝታ ባለበት አገር መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። እኔ አሁን የምጠይቀው «ከየት ትጀምሪያለሽ?» ብዬ ነው። ከየት እንደምትጀምር ስትነግረኝ መግባት አለመግባቱ ሳላስጨንቃት ይታየኛል።

ይህን የተማርኩት በዚያችው በሐዋሳዋ ባልደረባዬ ላይ ባጠፋሁት ጥፋት ነው። ያን ሰኞ ሁሉም በሚያዩት ግሩፕ ላይ «ለምን ዘገየ?» ብዬ ጻፍኩ። «ይቅርታ፣ ዛሬ እልካለሁ» አለች፤ ላከች። ከሁለት ወር በኋላ የአንድ ባልደረባችን ሠርግ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ እንደ ቀልድ ነገረችኝ። ሁለት ቀን ሙሉ መብራት አልነበራቸውም። ጄኔሬተር ያለው ካፌ ፈልጋ፣ ከኪሷ ለቡናና ለማኪያቶ እየከፈለች ነበር የሠራችው። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «መብራት ጠፋ ብልህ ሰበብ ይመስልብኛል ብዬ ፈራሁ፤ ደግሞ ሰው ሁሉ ባለበት ነው የጠየቅከኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የዘገየ ሥራ በግሩፕ ላይ አልጠይቅም። እደውላለሁ፣ የመጀመሪያው ጥያቄዬም «መብራትና ኔትወርክ እንዴት ነው?» የሚል ነው።

«ታዲያ ካላየናቸው መሥራታቸውን በምን እናውቃለን?» የሚለው ጥያቄ ባለፈው ዓመት አዳራሹን ለግማሽ ቀን ይዞት ነበር። አንዱ ኃላፊ ሠራተኞቹ ቴሌግራም ላይ መጨረሻ የታዩበትን ሰዓት እየተከታተለ እንደሚመዘግብ በኩራት ነገረን። ስጋቱ የእኛ ብቻ አይደለም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ጥናት ከሠራተኞች 87 በመቶው ውጤታማ ነን ሲሉ፣ ከአለቆች 85 በመቶው ደግሞ ቢሮና ቤት የተቀላቀለበት አሠራር ሠራተኞች ውጤታማ ስለመሆናቸው እርግጠኛ ለመሆን አስቸጋሪ አድርጎብናል ብለዋል። የስታንፎርዱ ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ በቻይናው የጉዞ ድርጅት በሲትሪፕ የጥሪ ማዕከል ያደረጉት ሙከራ ግን ለእኔ የበለጠ ይናገራል። ፈቃደኛ ከሆኑት ሠራተኞች ልደታቸው በተጋማሽ ቁጥር ቀን የዋለው ከቤት ሠሩ፣ ሌሎቹ ቢሮ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ውጤት መሠረት ከቤት የሠሩት ሥራቸው በ13 በመቶ ጨመረ፣ ሥራ የሚለቀው ሰው ቁጥርም በግማሽ ቀነሰ። ሰው የሚረሳው ሁለተኛው ግኝት ነው፦ ከሥራ ውጤታቸው አንጻር ሲታይ ከቤት የሠሩት የደረጃ ዕድገት የማግኘት ዕድላቸው ያነሰ ሆነ። ሥራውን ሠርተውታል፤ አለቃቸው ግን አላያቸውም። ሙከራው ሲያልቅ ከቤት ከሠሩት ግማሽ ያህሉ ወደ ቢሮ መመለስን መረጡ፤ ብቸኝነቱ ከብዷቸው ነበር። እንግዲህ ሥልጠና የሚያስፈልገው ቴሌግራም ለሚሰልለው ሰውዬ ነው፤ ማሠልጠን ያለበትም ስለላን ሳይሆን፣ በየወሩ የእያንዳንዱን ሰው ሥራ ቁጭ ብሎ ማየትንና የሩቁን ሰው ለዕድገት ስሙን ማንሣትን ነው።

ደግሞ ለዚህ ሁሉ ከውጭ ብቻ መማር አያስፈልገንም። በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶችን የመደበው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ፣ አለቃቸው በአጠገባቸው የሌለ ሠራተኞችን ይዘን ኖረናል፤ ቁጥራቸውም ከጊዜ በኋላ ከ30 ሺህ አልፏል። እህቴ አንዷ ነበረች፤ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ከጤና ጣቢያ ይመጡ ስለነበሩ ሁለት ተቆጣጣሪዎች ስታወራ አልሰለቻትም። አንዱ ሞተር ሳይክሉን ሳያጠፋ ቅጹን ሞልቶ፣ አስፈርሟት ይሄዳል። ሌላዋ መዝገቡን ገልጣ «ይህቺ እናት ለሁለተኛው ክትባት ለምን ቀረች?» ትላታለች፤ ከዚያ ተያይዘው ወደ እናቲቱ ቤት ይሄዳሉ። ሁለቱም በወረቀት ላይ «ድጋፋዊ ክትትል» አድርገዋል። እህቴ ወር በገባ ቁጥር በጉጉት የምትጠብቃት ሁለተኛዋን ነበር። የዙም ስብሰባ ላይም ሞተሩን ሳያጠፋ የሚመጣ አለቃ ሞልቷል።

ከሁሉም ጊዜ ልሰጠው የምፈልገው ግን ስሕተት የተፈጠረ ዕለት የሚሆነውን ነው። ጊትላብ የተባለው፣ ሠራተኞቹ በየአገሩ ተበትነው የሚሠሩበት የሶፍትዌር ድርጅት፣ ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ ክፉ ሌሊት አሳለፈ። አንድ ባለሙያ እስኪመሽ ድረስ ከብልሽት ጋር ሲታገል ቆይቶ፣ ማጥፋት የነበረበትን ትቶ ዋናውን የመረጃ ቋት ማጥፋት ጀመረ። አንድ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ ነቅቶ ሲያቆመው፣ 300 ጊጋ ባይት ከሚሆነው የቀረው 4.5 ብቻ ነበር። መጠባበቂያ ቅጂዎቹን ሲፈልጉ አንዱ አይሠራም፣ ሌላው ባዶ ነው። ያዳናቸው አደጋው ከመድረሱ ስድስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ለሌላ ጉዳይ በአጋጣሚ የተወሰደ ቅጂ ነው። ታዲያ ምን አደረጉ? የማዳኑን ሥራ በዩቲዩብ በቀጥታ አስተላለፉት፤ በኋላም ባወጡት ሪፖርት ሰውየውን «የቡድን አባል 1» ብለው ብቻ ጠሩት። መጠባበቂያው ለምን አልተፈተሸም ብለው ራሳቸውን ጠይቀው፣ ማንም ኃላፊነቱ የእኔ ነው የሚለው ሰው ስላልነበረ ነው ብለው መለሱ።

ይህን ታሪክ ለእኛ ኃላፊዎች አንብቤ «እናንተ ብትሆኑስ?» ብል የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ፦ መጀመሪያ «ማን ነው?»፣ ቀጥሎ «በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው»። ቢሮ ውስጥ ስሕተት ለመደበቅ ያስቸግራል፤ አንድ ሰው ያያል። ሩቅ ያለ ሠራተኛ ግን ስሕተቱን ለሳምንታት ሆዱ ውስጥ ይዞት መቀመጥ ይችላል፤ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለውን እሱም ያውቀዋል። ስለዚህ ኃላፊው ሊለማመደው የሚገባው የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ነው፦ ጥፋቱ ሲነገረው ድምፁ ምን ይሆናል፣ የመጀመሪያው ቃል ምንድን ነው? እኔ «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ፤ አሁን ምን ማዳን እንችላለን?» ማለትን በአፌ ብዙ ጊዜ ደግሜ ነው የለመድኩት። አሁንም አንዳንዴ ያመልጠኛል።

የኔትወርኩን ጉዳይ ባጭሩ ልለፈው። መጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ መንግሥት የፌዴራል ሠራተኞችን ወደ ቤት ሲልክ አብዛኞቹ ኃላፊዎች ሰውን ከሩቅ ስለመምራት የሚያውቁት አልነበራቸውም፤ በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ደግሞ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋረጠ። እንዲህ ባለ አገር የሚመራ ሰው «ኔትወርክ ሲጠፋ ማን ለማን ይደውላል፣ የትኛው ሥራ ይቆማል፣ የትኛው ይቀጥላል» የሚል አንድ ገጽ ወረቀት በእያንዳንዱ ሠራተኛው ስልክ ውስጥ ሊያስቀምጥ ይገባል። የሥልጠናው የቤት ሥራ ይህ ሊሆን ይችላል።

«ፊት ለፊት መገናኘትስ ጥቅም የለውም?» የሚለኝ ይኖራል። አለው፤ እንዲያውም በጣም። ያቺ የሐዋሳ ልጅ እውነቱን የነገረችኝ ሠርግ ላይ ነው። ግን መገናኘት ያለባቸው የማይገናኙት ናቸው። እኛ ኃላፊዎች አብዛኞቻችን የምንውለው አንድ ከተማ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ለሰው ሀብት ክፍላችን የሁለት ገጽ ሐሳብ ጻፍኩ። ሥልጠናው ለ8 ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ቀን ለ45 ደቂቃ በኢንተርኔት ይሰጥ፤ እያንዳንዱ ኃላፊ የዚያን ሳምንት አንድ እውነተኛ መልእክት፣ አንድ ያልተሳካ የስልክ ንግግር ይዞ ይቅረብ፤ የሚመራቸው ሠራተኞች በመጨረሻ ስለ እሱ ይጠየቁ። ለቢሾፍቱ የተያዘው የአበልና የሆቴል ገንዘብ ደግሞ የሐዋሳ፣ የአዳማና የድሬዳዋ ባልደረቦቻችን ለሁለት ቀን አዲስ አበባ መጥተው ከቡድናቸው ጋር እንዲቀመጡ ይዋል። ሒሳቡን ሠርቼ አያይዤዋለሁ፤ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ማን እስከ መቼ እንደሚመልስልኝም ጽፌያለሁ።

መልሱ በማግስቱ በቴሌግራም መጣልኝ። «እሺ» ይላል።