ማስተካከያ፦ ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን የስህተት ኮድ

ባለፈው ሳምንት ኤልጂ ማሽን ላይ «አይኢ» (IE) የሚል ኮድ ሲመጣ ከሶኬት ንቀሉት፣ 5 ደቂቃ ቆይታችሁ መልሳችሁ ሰኩት፣ አለቀ ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መንቀሉ ኮዱን ከስክሪኑ ላይ ያጠፋዋል እንጂ ችግሩን አይነካውም።

አይኢ ማለት ውሃ በበቂ መጠን አልገባም ማለት ነው። ደሴ ላይ፣ በተለይ ወደ ጦሳ ተራራ ተጠግተን ዳገቱ ላይ ለምንኖር፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ቧንቧውና ሮቶው ነው። ውሃ ካለ ግን ማሽኑን ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ቧንቧውን ዘግታችሁ ከጀርባ ያለውን የውሃ መግቢያ ጎማ ፍቱት፤ እዚያ ውስጥ ትንሽ ወንፊት አለች። ትናንት የጎረቤቴን ማሽን ወንፊት በፒንሳ ሳወጣት በቀይ ደለል ተደፍናለች። ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ ይዞት የሚመጣው ነው። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጥበን ስንመልሳት ማሽኑ ወዲያው ውሃ መሙላት ጀመረ።

«ኦኢ» (OE) የሚለው ኮድ ሌላ ነው፤ ውሃው አልወጣም ማለት ነው። ሁለቱን አንድ አድርጌ ማውራቴም ስህተት ነበር። ለኦኢ፣ በፊት ለፊት የሚከፈት ማሽን ከሆነ፣ ከታች ጥግ ላይ ያለውን ማጣሪያ ነው የምታጸዱት። በሙቅ ውሃ ስታጥቡ ከነበረ ሳይቀዘቅዝ እንዳትከፍቱት፣ አደራ! ሲቀዘቅዝም ከሥሩ ሳፋ አድርጉ።