መኪና ግርግር ላይ የሚታይ ሂሳብ

ሐረር ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወስደው ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ጫጫታ ነው። ከውጭ ለእረፍት የመጣ ዘመድ ፎቶ ያነሳና ያልፋል።

ጨርቅ ነጋዴው ሱቁ ውስጥ ጣቃ ደርድሮ ይቀመጣል፣ ልብስ ሰፊው ደግሞ ደጃፉ ላይ። ደንበኛው ጨርቁን ከፍሎ እንደወጣ እዚያው ይለካል። የሰፊው ብር የሚታሰረው በክር፣ በዚፕ፣ በቁልፍና በገበር ብቻ ነው። ያልተሸጠ ጨርቅ ዕዳው የነጋዴው ነው፤ በምላሹ ገዢ የሚያመጣለት ሰው ደጁ ላይ አለው። መኪናው በእግር የሚረገጥ ከሆነ መብራት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም።

አሜሪካ ልብስ ማስተካከያ የሚከፍተው ወገናችን ግን በኪራይ ይጀምራል። በወር 3,000 ዶላር ነው እንበል። ለ25 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 120 ይሆናል። ሱሪ በ15 ዶላር የሚያሳጥር ከሆነ በየቀኑ የመጀመሪያዎቹ 8 ሱሪዎች የአከራዩ ናቸው። ይህን ሳያሰላ መደርደሪያውን በሚሸጥ ልብስ የሚሞላው ብዙ ነው፤ ኪራይ ሲደርስ ገንዘቡ መስቀያ ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። የሐረሩ ሰፊ እዚህ ስህተት ውስጥ አይገባም (ብሩም የለው)።

ቀጠሮ ላይ ግን የውጭዎቹ ይበልጡናል። ቀብድ ይቀበላሉ፣ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ልብሱ ላይ ይሰካሉ፣ የማይደርስ ሥራ ይመልሳሉ። እኛ ዘንድ ዒድ ወይም ሰርግ ሲቃረብ የመጣ ሁሉ «እሺ» ይባላል፤ ከዚያ «ነገ ተመለሺ» ይከተላል። መፍትሔው ቆጠራ ነው፦ በቀን 4 ቀሚስ የሚያወጣ ሰው በዓሉ 10 ቀን ሲቀረው 40 መቀበል የለበትም። 35 ይበቃዋል። የቀረው ለሚጠብና ለሚሰፋ ማስተካከያ ነው። ቀብዱ ቢያንስ የክሩንና የዚፑን ዋጋ ይሸፍን፤ ሳይወሰድ የሚቀረው ልብስ አብዛኛውን ጊዜ ቀብድ ያልተከፈለበት ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን የጨርቅ ነጋዴው ነው። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በገዙበት ዋጋ ላይ ትርፍ ደምሮ መሸጥ አደገኛ ሆኗል። 100 ሜትር ጨርቅ፣ ሜትሩን በ300 ብር ገዝቶ በ360 የሸጠ 6,000 ብር ያተረፈ ይመስለዋል። ሊተካ ሲሄድ ሜትሩ 370 ከገባ ግን በ36,000 ብሩ 97 ሜትር ብቻ ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ካፒታል በብር ሳይሆን በሜትር መቆጠር አለበት፤ መሸጫውም ከመተኪያው ዋጋ መነሳት። አሜሪካ ያለው ነጋዴ በዚህ ብዙም አይፈተንም።

ዋጋ ሲወጣ ደግሞ ገዢ ይሸሻል። ነጋዴው ጨርቁን ይዞ ሊጠብቅ ይችላል፤ ደጃፉ ላይ ያለው ሰፊ ግን የሚጠብቅበት ነገር የለውም። ሁለቱ የሚጨቃጨቁት በዚሁ ነው።