«ለለማኝ ደመወዝ አንከፍልም» ላሉት የቦርድ አባል

ባለፈው ሳምንት አባል የሆንኩበት አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት በጠቅላላ ጉባኤው የገቢ ማሰባሰብና የማርኬቲንግ ኃላፊነት መደቡን ሰረዘ። ሐሳቡን ያቀረቡት የቦርድ አባል «ለለማኝ ደመወዝ አንከፍልም» ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበ። ዘጠኝ ዓመት በመደቡ ላይ የሠራችው ሴት ከፊት ወንበር ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ያ ጭብጨባ እስካሁን ያንገበግበኛል።

እኚሁ ሰው «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» የሚለውን ጠቅሰው፣ በጎ ሥራ ማስታወቂያ አያሻውም ብለዋል። ቃሉ የተነገረው ለሚሰጠው ነው፤ ለታይታ እንዳይሰጥ። ለሚሰበስበው የተጻፈውን ከፈለጉ ወደ ጳውሎስ ይሂዱ። ለኢየሩሳሌም ድሆች ሲያሰባስብ የመቄዶንያን ሰዎች ልግስና እያነሣ ቆሮንቶሶችን ቀስቅሷል፤ የጀመሩትን እንዲፈጽሙም ቲቶን ልኮባቸዋል። የተባረረችው ሴት ከዚህ የተለየ ምን ሠራች?

ካርል አደባባይን የማያውቅ አዲስ አበቤ ጥቂት ነው። አቶ ካርል፣ ማለትም ካርልሄይንዝ ቦም፣ ሐኪምም መሐንዲስም አልነበሩም፤ የፊልም ተዋናይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1981 በጀርመን የቴሌቪዥን ትርኢት ላይ ቀርበው፣ ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ በአፍሪካ ሳህል ለተራቡት በነፍስ ወከፍ አንድ ማርክ (የያኔው የጀርመን ገንዘብ) አይሰጥም ብለው ተወራረዱ። ውርርዱን አሸነፉ፤ ሲሶው አልሰጠም። ያም ሆኖ ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበ። በዚያው ዓመት «ሰዎች ለሰዎች» የተባለው የእርዳታ ድርጅታቸው ተመሠረተ፤ ሥራውንም በሐረርጌ ኤረር ሸለቆ ጀመረ። ከዚያ በኋላ አቶ ካርል የአውሮፓን ሰው ሲለምኑ ኖሩ። ጉድጓዱን የቆፈሩት፣ ትምህርት ቤቱን ያቆሙት ሌሎች ናቸው፤ ሲሚንቶው የተገዛው ግን በእሳቸው አንደበት ነው። እንደ ቦርድ አባሉ ሚዛን እኚህም «ለማኝ» ናቸው። እኔ ደግሞ አደባባይ የተሰየመላቸው በመለመናቸው ነው እላለሁ።

በማስታወቂያ ስም ገንዘብ የሚያባክን የለም አልልም። ለእሱ ሕግ አለው፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪን ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ ላይ ገድቦታል፤ የማስታወቂያ ወጪንም እዚያው ውስጥ ቆጥሮታል። ልጓሙ ካለ ፈረሱን መግደል ለምን አስፈለገ?

ይህቺ ሴት የትኛው ነጋዴ ለፋሲካ በሬ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ስሙ እንዲነሣ እንደማይፈልግ በቃሏ ታውቃለች። አምስት መቶ ብር የሰጠውንም ደውላ ታመሰግናለች፤ ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ትነግረዋለች። ለጋሽ የሚሸሸው ኪሱ ስለሳሳ አይደለም፤ ከሰጠ በኋላ ዞር ብሎ የሚያየው ስለሚያጣ ነው። ዘጠኝ ዓመት የተገነባ መተማመን በእጅ ማውጣት ድምፅ ፈረሰ።

ውሳኔው ይሻር። አይሻርም ከተባለ፣ የሚመጣውን ወር የዱቄትና የመድኃኒት ሂሳብ ማን፣ ከማን ጠይቆ እንደሚከፍል ያጨበጨቡት ሰዎች ቆመው ይንገሩን።