ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?

የጅማን የሙዚቃ አድማጭ የሚያመሰግን ሰው እስካሁን አለመገኘቱ ይቆጨኛል። እስቲ እኔ ልጀምረው።

እንደኛ ታጋሽ አድማጭ የት ይገኛል? ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 እዚሁ ጅማ ተወለደ። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ የጻፍኩት አውቄ ነው፣ ከወገን ላለመለየት።) በ1972 ኒውዮርክ ላይ አልበም ሲቀዳ አልተንጫጫንም። በ1998 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ ሥራዎቹን ሰብስቦ በሲዲ ሲያወጣም፣ ነገሩ ይጣራ ብለን ቆየን። በ2005 ሙዚቃው አንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ሲሰማ ግን ማስረጃው ተሟላ። በቃ፣ የኛ ልጅ ሆነ!

ምን ይደረግ፣ ፈረንጅ አራዳ የሚባል ሰፈር ያለን ሰዎች ነን። አራዳነት ከየት እንደሚመጣ ከጥንት ጀምሮ እናውቃለን።

ደግሞ ይሄ ጨዋነት የጅማ ብቻ አይደለም፣ አገር አቀፍ ነው። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። ተሳፋሪ እስኪመጣ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ አውጥቶ ይለማመዳል። በ1985 የቀዳው ካሴት ግን እዚህ አገር ቁጭ ብሎ ገዢውን ይጠብቃል። አንድ አሜሪካዊ ካሴቱን ባሕር ዳር ከተማ አገኘው፣ በ2013 እንደገና አሳተመው፣ ሰውየውም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ይሄን ውለታችንን ማንም አያነሳልንም። ቀድመን ገዝተን ብንጨርሰው ኖሮ ለፈረንጁ ምን ይተርፈው ነበር?

አዲሶቹ ልጆችም መንገዱ ገብቷቸዋል። ሚካኤል ሰይፉ ያገራችንን ድምፅ ከኤሌክትሮኒክ ጋር አዋሕዶ በ2016 ሥራውን ያወጣው በኒውዮርክ አሳታሚ በኩል ነው። ብልህ ልጅ! እዚህ በፍላሽ እያዞረ ቢያስደምጥ፣ «ሥራ የለህም እንዴ?» ከመባል ሌላ ምን ያገኝ ነበር?

ባለፈው ቅዳሜ አጂፕ አካባቢ አንድ ካፌ ከወዳጄ ጋር ተቀምጠናል። አስተናጋጁ የሙላቱን ሙዚቃ ከፈተ። ቫይብራፎኑ፣ ያ በዱላ እየተመታ የሚያቃጭለው የብረት መሣሪያ፣ ገና ጠብ ጠብ ሲል ወዳጄ፣

«ስልክህ እየጠራ ነው» አለኝ።

«ስልክ አይደለም፣ ሙዚቃ ነው።»

ትንሽ አዳመጠ። ሳክስፎኑ ገባ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ።

«ዜና ሊጀምር ነው እንዴ?»

«ኧረ አይደለም።»

«እና ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?»

«ዘፋኝ የለውም።»

«አሃ፣ ክላሲካል ነው» አለና ስለ ኮንዶሚኒየም ማውራቱን ቀጠለ። ድምፁን ከሳክስፎኑ በላይ ከፍ አድርጎ፣ ምክንያቱም ክላሲካል የተፈጠረው ሰው እንዲያወራበት ነው።

«ሙላቱ እኮ ነው» አልኩት ሲሰለቸኝ።

ስኒው እጁ ላይ ቀረ። «የኛው ሙላቱ?» ብድግ አለ። ስልኩን አወጣ። ስፒከሩን፣ ስኒውንና ግማሽ ፊቱን አንድ ላይ አስገብቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን እየነቀነቀ ቀረጸ። ልክ 15 ሰከንድ። «የጅማ ልጅ፣ የዓለም ኩራት» ብሎ ከሦስት የእሳት ምልክት ጋር ለጠፈው። የመጀመሪያዎቹን ላይኮች ቆጥሮ፣ ረክቶ፣ ተቀመጠ።

ከዚያ ወደ አስተናጋጁ ዞረ።

«አንተ ልጅ፣ በል አሁን ዘፈን ክፈትልን።»