ጋሼን ከሶፋ ያስነሳው ፐንክ

ባለፈው ፋሲካ ማግስት ቤታችን በዘመድ ተሞልቶ ነበር። «እስቲ ሙዚቃ ነገር ክፈት» ተባልኩ። ስልኬን ከስፒከሩ ጋር አገናኘሁና፣ ልቤ እየፈራ፣ ፐንክ ከፈትኩ።

እማዬ ወዲያው ከጓዳ ብቅ አለች። «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጩኸት ነው? በዓል መስሎኝ!» የአክስቴ ልጆች ሳቁብኝ። ልቀይረው እጄን ስሰድ፣ ሶፋው ላይ ጋደም ብለው የነበሩት አጎቴ ቀና አሉ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ እንዳትነካው! ይሄ ጌታቸው አይደለም እንዴ?»

ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ነበሩ። «ቼ በለው»ን በሳክስፎን ይሸልላሉ። ከኋላቸው ግን አጎቴ የሚያውቁት የፖሊስ ኦርኬስትራ የለም። ጊታሮቹ እንደ መጋዝ ይፋጫሉ። ድራሙ ፋታ አይሰጥም።

«እነዚህ ልጆች የማን ናቸው?»

«ሆላንዶች ናቸው ጋሼ። ፐንክ ነው የሚባለው።»

«ምን?»

«ፐንክ። ፈጣን፣ የሚጮህ የሮክ ሙዚቃ ዓይነት ነው።»

ትንሽ አዳመጡ። «ተወኝ እባክህ፣ ይሄማ ፉከራ ነው» አሉና እግራቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

አልበሙ «ሞአ አንበሳ» ይባላል። በ2006 የወጣ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። ባንዱ ዘ ኤክስ ነው። ዘ ኤክስን በሬዲዮ የሰማችሁት አይመስለኝም። ሆላንድ ውስጥም ቢሆን ሬዲዮ ያሳደገው ባንድ አይደለም። በ1979 ነው የተቋቋመው። ያኔ እዚያ አገር ብዙ ወጣቶች ባዶ የተቀመጡ ቤቶችን ሰብረው እየገቡ ይኖሩ ነበር፤ የዘ ኤክስ ልጆችም ከዚያ ሰፈር ናቸው። ስሙን የመረጡት ግድግዳ ላይ በቀለም ቶሎ ተጽፎ ለመሮጥ ስለሚመች ነው ይባላል። ማን ምን መሣሪያ እንደሚጫወት ደግሞ ዕጣ ተጣጣሉ። እኔ ይሄን ታሪክ ስሰማ ነው የወደድኳቸው። ጊታር የደረሰው ቴሪ ሄስልስ ዛሬም ጊታሩን እንደያዘ ነው።

ይሄው ቴሪ በ1990ዎቹ አፍሪካን ሲዞር ኢትዮጵያ ገባ። እንደገባም ልቡ ቀረ። በ2002 እና በ2004 ባንዱን ሰብስቦ መጣና አገሩን እየዞሩ ተጫወቱ። በ2004 መጨረሻ አምስተርዳም ላይ 25ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ጋሽ ጌታቸውን ጋበዟቸው። እንግዲህ ያኔ ሰውየው ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ወራት ነው የቀራቸው። ከ1949 ጀምሮ በማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በፖሊስ ኦርኬስትራ የተጫወቱ ሰው ናቸው። የሽለላን ድምፅ ከጉሮሮ ወደ ሳክስፎን ያሻገሩ፣ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው መድረክ የሚወጡ። እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ የቀጣዩን አልበም ከእናንተ ጋር ልሥራ ያሉት።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። «ፈረንጅ ሙዚቃችንን ወሰደ» የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር ይህ አልበምም አብሮ ይወቀጣል። ሌላ ቦታ ክርክሩ ልክ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን አይገባኝም። ሽፋኑን እዩት። የጋሽ ጌታቸው ስም ይቀድማል፤ ቀጥሎ ዘ ኤክስ፣ ከዚያ እንግዶች። በኛ ቋንቋ አጃቢ ባንድ ናቸው ማለት ነው። አጃቢ ደግሞ ዝም ብሎ አይከተልም። ጥሩ አጃቢ ዘፋኙን ይገፋዋል።

ደግሞስ ለምን ተስማሙ? ሽለላ የሚሸልል ሰው ድምፄ ይጣም አይጣም ብሎ አይጨነቅም። ጉሮሮው ይሻክራል። ትንፋሹ ይቆራረጣል። አንዱን ነገር ደጋግሞ ይላል። የሚፈልገው አጠገቡ ያለው ሰው ከተቀመጠበት እንዲነሳ ነው። ፐንክም ሲጀመር ከዚህ የተለየ ሐሳብ አልነበረውም። ጋሽ ጌታቸው እነዚህን ልጆች ሲሰሙ ምን እንዳሰቡ አላውቅም፤ እንግድነት እንዳልተሰማቸው ግን ሳክስፎኑ ይናገራል።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ይህን አልበም መጀመሪያ ያገኘሁት ከዛሬ ስንት ዓመት በፊት ነው። ምን አደረግኩ? የማውቃቸውን ዘፈኖች ብቻ መረጥኩ። «ሙዚቃዊ ስልት»ን ወስጄ ከሌሎች የድሮ ዘፈኖች ጋር አንድ ፕሌይሊስት ውስጥ ከተትኩት። ከዋልያስ ባንድ ቀጥሎ ሲመጣ ያስጠላል። ዋልያሶች ሲጫወቱት እኮ አንድ ሰው ሱፉን ለብሶ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ የሚራመድ ነው የሚመስለው። እነዚህ ደግሞ በር ገንጥለው ይገባሉ። ዘለልኩት። ከዚያ በቃ፣ ረሳሁት።

መልሶ ያስታረቀን የሐዋሳ መንገድ ነው። ኔትወርክ ጠፋ። ስልኬ ላይ ወርዶ የነበረው አልበም ይሄ ብቻ ነበር። ምርጫ አልነበረኝም፤ ከአንድ ጀምሬ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ሲያልቅ ደገምኩት። በሁለተኛው ዙር ጩኸቱ መለያየት ጀመረ። ለካ አንዱ ጊታር ዜማ አይጫወትም፤ ከበሮ ነው የሚመታው። ድራም የምትመታው ካተሪና ቦርነፌልድ ናት፤ የኛን ችክችካ ለመኮረጅ አትሞክርም፣ ከጎኑ የራሷን መንገድ ትይዛለች። ከትሮምቦኑና ከክላርኔቱ መሃል የጋሽ ጌታቸው ትንፋሽ ይሰማል፤ አዎ፣ ትንፋሹ ራሱ። ሞጆን አልፈን ዝዋይ ስንደርስ «ሙዚቃዊ ስልት» ላይ እግሬ ብቻውን ይመታ ነበር። ያው የጠላሁት ዘፈን ነው። ቦታው ላይ ሲቀመጥ ሌላ ሆነ።

ስለዚህ ፐንክን በነጠላ ዘፈን እየመዘዘ ለሚሰማ ሰው አዝናለሁ። ነጠላው ጩኸት ነው፤ እማዬ ልክ ናት። ጩኸቱ ትርጉም የሚያገኘው ከፊቱና ከኋላው ካለው ጋር ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ባድ ብሬንስ የሚባሉ የዋሽንግተን ዲሲ ልጆች አሉ። አራት ጥቁሮች ናቸው። መጀመሪያ ጃዝ ፊውዥን ይጫወቱ ነበር። ኋላ ወደ ፐንክ ገቡ፣ ቀጥሎም ራስተፈሪያን ሆኑ። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1982 ሲወጣ በሸክላ አልታተመም፤ በካሴት ብቻ ነው የወጣው። ሽፋኑ ላይ መብረቅ የአሜሪካን ምክር ቤት ጉልላት ይመታል። ቀለሞቹ? አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። የዲሲ ፐንኮች ይሰባሰቡበት ከነበረው አንዱ ሰፈር አዳምስ ሞርጋን ነው፤ በዚያው ዘመን ከደርግ የሸሹ የኛ ሰዎች ሬስቶራንት መክፈት የጀመሩበት ሰፈር። አንድ ቀን የእንጀራ መሶብ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው እነዚያን ልጆች መንገድ ላይ አልፏቸው ይሆናል ብዬ ማሰብ ያስደስተኛል።

አልበሙ እንዲህ ይጀምራል። አምስት ዘፈን በተከታታይ፣ እንደ እብድ እየሮጠ። አምስቱም ተደምረው ስምንት ደቂቃ አይሞሉም። ስድስተኛው ላይ ሬጌ ይመጣል። ረጋ ያለ፣ ሰፊ፣ ቤዙ ደረት ላይ የሚያርፍ። ያ ሬጌ ብቻውን ቢሰማ መልካም ሬጌ ነው፣ ሌላ ምንም። ከአምስቱ በኋላ ሲመጣ ግን ዳገት ወጥቶ ጥላ ማግኘት ነው። በሹፍል፣ ማለት ስልኩ ዘፈኖቹን እያቀላቀለለት የሚሰማ ሰው ዳገቱንም ጥላውንም አያገኝም። ካሴት ይሄን ያስገድድ ነበር፤ ዘፈን ለመዝለል ድካሙ ራሱ አይታለፍም። ሳይድ ኤ ሲያልቅ ነው የምትገለብጡት።

እንዲህ ያለ አንደርግራውንድ፣ ሬዲዮ የማያውቀው ባንድ እንዴት ይገኛል ለሚለኝ ሰው መልስ አለኝ፣ እሱም ከካሴት ዘመን የመጣ ነው። ያኔ ሙዚቃ ቤት ገብቶ መጀመሪያ አጃቢውን የሚጠይቅ ሰው ነበር። «ሮሃ ባንድ ነው?» ከሆነ ይገዛል። ዘፋኙን ባያውቀውም ይገዛል። ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን እያለ የሽፋኑን ወረቀት እንደ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው። ለፐንክም መንገዱ ይሄው ነው። ስልኩ «ይህን ከወደዱ ያንን ይወዱታል» እያለ የሚያመጣልኝ ሁሉም ታዋቂ ነው። ስም ስከተል ግን ሌላ ቦታ እደርሳለሁ።

ለምሳሌ «ሞአ አንበሳ» ላይ ቤዝ የሚጫወተው ኮሊን ማክሊን ማነው ብዬ ተከተልኩት። ከጊታሪስቱ ከአንዲ ሙር ጋር ቀድሞ በአንድ ባንድ ነበሩ። ባንዱ ዶግ ፌስድ ኸርማንስ ይባላል፤ ከስኮትላንድ ከኤደንብራ ተነስተው አምስተርዳም የገቡ ናቸው። ዘፋኟ ማሪዮን ኩትስ ጥሩምባም ትነፋለች። በ1994 ያወጡትን የመጨረሻ የስቱዲዮ አልበም ስሰማ ቡናዬ ቀዘቀዘ። እንዲህ ያለውን ነገር ማን ደበቀኝ? ማንም አልደበቀኝም። የጋሽ ጌታቸው አልበም ሽፋን ላይ ስሙ ተጽፎ ነበር፣ እኔ ነኝ ያላነበብኩት።

ሽፋን ካነሳን አይቀር፣ ፐንኮች ሽፋን ላይ የማይጽፉት የለም። የእንግሊዞቹ ክራስ ሸክላቸው ላይ ከዚህ ዋጋ በላይ እንዳትከፍሉ ብለው ያትሙ ነበር። እንደ ታክሲ ታሪፍ! ዘ ኤክስ በ1986 ስለ ስፔን አብዮት ሁለት ትንንሽ ሸክላ ሲያወጡ 144 ገጽ የፎቶ መጽሐፍ አብረው አሳተሙ። ያን ሥራ በስልክ ብትከፍቱት አራት ዘፈን ታገኛላችሁ። አራት ዘፈን ብቻ። ከእነዚያ ፎቶዎች ጥቂቱን እንኳን ፈልጋችሁ ሳታዩ «ሰማሁት» ማለት ለእኔ ቅሽምና ነው። ሸክላውን ግዙ አልልም፣ የሸክላ ዋጋ አውቃለሁ። ሽፋኑንና ግጥሙን ግን ቁጭ ብሎ ማየት ነፃ ነው።

ላጋንን አልፈልግም። ብዙ ፐንክ የማይረባ ነው። ሦስት ኮርድ ይዞ ሌላውን የሚኮርጅ ባንድ ሞልቷል። የዘ ኤክስ የመጀመሪያዎቹ አልበሞች ራሳቸው እኔን ይከብዱኛል፤ በአንድ ቁጭታ ሁለቱን መስማት አልችልም። በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ ሥራ መሥራትም አይሆንም። ሥራው ይበላሻል፣ ሙዚቃውም እንደዚያው። የባድ ብሬንስን አልበም በሙሉ ለመስማት ሠላሳ አምስት ደቂቃ ለማግኘት ደግሞ ማን ሥራ ፈት ነው ትሉኛላችሁ። አንድ የመገናኛ ሰልፍ እኮ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው።

ጋሽ ጌታቸው በ2016 አረፉ። በ2012 ከነዚሁ ልጆች ጋር «የአንበሳው ትዝታ» የሚል ሌላ አልበም ጨምረው ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያወጡት ሥራቸውም ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የድሮ ሙዚቃችንን በሰበሰበበት የኢትዮፒክስ ተከታታይ 14ኛ ሆኖ እንደገና ወጥቷል። ይህን የድሮውንና ከዘ ኤክስ ጋር የሠሯቸውን አከታትሎ የሰማ ሰው፣ ሽለላው በሠላሳና በአርባ ዓመት ልዩነት ምን ያህል እንደተለወጠ፣ ምን ያህልስ እንዳልተለወጠ ያስተውላል።

ጋሼ በዚያ የፋሲካ ማግስት ሲወጡ ፍላሽ ከኪሳቸው አወጡ። «ያቺን የጌታቸውን ፉከራ ጫንልኝ» አሉ። አንዷን ብቻ ነው የፈለጉት። እኔ አልበሙን በሙሉ ጫንኩ። ሳልነግራቸውም ባድ ብሬንስን ከሥር አስከተልኩ፣ በቅደም ተከተሉ፣ ከዘፈኖቹ ስም ፊት ቁጥር አድርጌ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወሉ። ስለ እማዬ ጤና ጠየቁ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ። ሊዘጉ ሲሉ፦

«ስማ፣ ሬጌዋ ደህና ናት። ከሷ በፊት ያሉት ግን ማን እያባረራቸው ነው እንደዚያ የሚሮጡት?»